ሞተር ካስቀየሩ በኋላ ሚኒሞ አልወርድ ሲል የሚሠሩ ስህተቶች

ከሶማሌ ተራ የተገዛ ሞተር ደብረ ብርሃን ገብቶ ይገጠማል። ቁልፉ ሲዞር ወዲያው ይነሣል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ከዚያ ግን ሚኒሞው፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት፣ በደቂቃ 1,500 ዙር ላይ ተቀምጦ አልወርድም ይላል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው ከሞተሩ ሳይሆን ከአገጣጠሙ ነው።

እኛ አካባቢ ይህ ችግር ነዳጅ ማባከን ብቻ አይደለም። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ ሾፌር ፍሬኑ እንዳይግልበት መኪናውን በማርሽ ይዞ ነው የሚወርደው። ሚኒሞው ከፍ ያለ ሞተር ግን እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሣ መኪናውን በደንብ አይዝም። ስለዚህ «ትንሽ ይጮኻል እንጂ ደህና ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም። ከዚህ በታች የምጽፈው በአብዛኛው ስለ 4ኢ፣ 5ኤ እና 4ኤ ዓይነት ባለኢንጀክሽን የቶዮታ ቤንዚን ሞተሮች ነው።

አንድ ነገር ላስቀድም። በኅዳር ውርጭ ጠዋት ሞተሩ ከፍ ብሎ ቢነሣ ጤነኛ ነው። ሞቆ 700 ወይም 800 አካባቢ መውረድ አለበት። ሳይሞቅ መፍረድ ራሱ ስህተት ነው።

ቡሎኑን ማዞር

መጀመሪያ የሚነሣው ካቻቢቴ ነው። ትሮትል ቦዲው (ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር የሚያልፍበት በር) ላይ ምላሱ (አየሩን የሚከፍትና የሚዘጋው ክዳን) የሚያርፍበትን ትንሽ ቡሎን አላልተው ድምፁን ዝቅ ያደርጉታል። ይህ ቡሎን ፋብሪካው ለክቶ የዘጋው ነው፤ የሚኒሞ ማስተካከያ አይደለም። ከቦታው ሲነቃነቅ የምላሱን አቀማመጥ የሚናገረው የትሮትል ሴንሰርም ልኩን ይስታል፤ የሞተሩ ኮምፒውተር እግር ከነዳጅ ላይ መነሣቱን ማወቅ ያቅተዋል። ያኔ ሚኒሞውን መቆጣጠር ይተዋል፣ ቁልቁለት ላይም የቤንዚኑን ርጭት አያቋርጥም። ያገለገለ ሞተር ስትገዙ የዚህን ቡሎን ጫፍ እዩት። ቀለሙ ተልጦ ብረቱ ካበራ ከእናንተ በፊት የነካካው ሰው አለ ማለት ነው።

አየር የሚገባበትን በግምት መፈለግ

ሚኒሞ ከፍ አለ ማለት ከሚገባው በላይ አየር ወደ ሞተሩ እየገባ ነው ማለት ነው። ጥያቄው በየት ነው? ቀላል መለያ አለ። ሞተሩ እየሠራ የአየር ማጣሪያውን ቱቦ ፍቱና የትሮትል ቦዲውን አፍ በወፍራም ጠፍጣፋ ላስቲክ ክደኑት። ሞተሩ ወዲያው ከጠፋ ትርፉ አየር የሚያልፈው በትሮትል ቦዲው በኩል ነው፤ የነዳጅ ገመዱን፣ የሚኒሞ ቫልቩን፣ የብርድ ቫልቩን (ከታች እመለስበታለሁ) ፈትሹ። ሳይጠፋ መሥራቱን ከቀጠለ ደግሞ ቀዳዳው ከዚያ በታች ነው፤ የማኒፎልድ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ቱቦ) ጓርኒሲዮን፣ የኢንጀክተር (ቤንዚኑን የሚረጨው) ጎሚኒ ወይም ሳይገጠም የቀረ ቱቦ ይሆናል።

ቀጥሎ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በፒንሳ ቀስ ብሎ መቆንጠጥ ነው። የቱ ሲቆነጠጥ ድምፁ እንደወረደ ልብ በሉ። ወደ ፍሬን ሰርቮ የሚሄደው ወፍራም ቱቦ ሲቆነጠጥ ከወረደ፣ ሰርቮው ወይም ቱቦው አየር ያስገባል። ያ መኪና እስኪሠራ ድረስ ጣርማ በርን መውረድ የለበትም፤ የፍሬኑ እገዛ የሚመጣው ከዚያው ቱቦ ነው።

በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን እየረጩ መፈለግን ግን እባካችሁ ተዉ። የሳሙና ውሃ ይበቃል።

ተርሞስታት ነቅሎ መጣል

እዚህ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም የእኛ አገር አየር ያመጣው ስህተት ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር አካባቢ ከፍ ትላለች። በዚህ ከፍታ ክፍት ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። የራዲያተሩ ክዳን አርጅቶ ግፊት መያዝ ካቃተው ውሃው ቶሎ ይፈላል። መካኒኩ «ተርሞስታቱ ነው» ብሎ ይህን ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የማያሳልፍ ቫልቭ ይነቅለዋል። መፍላቱ ይቀንስ ይሆናል፤ ሞተሩ ግን በብርዱ መሞቅ ያቅተዋል። ኮምፒውተሩም ገና እንዳልሞቀ ስለሚያየው ሚኒሞውን ከፍ አድርጎ፣ ነዳጅም ጨምሮ ይይዘዋል።

ባለቤቱ «ሸዋ ሮቢት ስወርድ ይሻለዋል፣ ስመለስ ይብስበታል» ካለ እኔ መጀመሪያ የማየው ተርሞስታቱ መኖሩን ነው። መድኃኒቱ አዲስ ክዳን፣ ትክክለኛ ተርሞስታትና አንቲፍሪዝ ነው።

ከዚሁ ጋር ወደ ትሮትል ቦዲው የሚሄዱትን ሁለት ቀጫጭን የውሃ ቱቦዎች መድፈን አለ። በእነዚህ ሞተሮች ብዙዎቹ ላይ ጠዋት ተጨማሪ አየር የሚያስገባ የብርድ ቫልቭ አለ፤ የሚዘጋውም የሞቀ ውሃ ሲደርሰው ነው። ቱቦው ከተደፈነ ወይም ውሃው ውስጥ አየር ከቀረ ቀኑን ሙሉ ክፍት ሆኖ ይውላል። የመኪናውን አፍንጫ ወደ ዳገት አቁሙ፣ ሂተሩን ክፈቱ፣ አየሩ እስኪወጣ ውሃ ሙሉ።

የሙቀት ሴንሰሮቹንም አታምታቱ። ባለአንድ ሽቦው ለዳሽቦርዱ፣ ባለሁለት ሽቦው ለኮምፒውተሩ ነው። ጌጁ በትክክል ስላሳየ ኮምፒውተሩም ትክክለኛውን ያነባል ማለት አይደለም። ባለሁለት ሽቦው በ20 ዲግሪ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ኦም፣ በ80 ዲግሪ ከ0.2 እስከ 0.4 ኪሎ ኦም መለካት አለበት።

የድሮውን ገመድ እንዳለ ማሰር

የነዳጅ ገመዱ መያዣ ከሞተር ሞተር ይለያያል። ገመዱ በጥቂቱ ላላ ማለት አለበት፤ ከተወጠረ ምላሱን ከፍቶ ይይዘዋል። አውቶማቲክ ከሆነ ወደ ካምቢዮው የሚሄደውንም ገመድ እዩ።

ዲስትሪቢዩተር በጆሮ ማስተካከል

ዲስትሪቢዩተሩ (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው) እሳቱ እንዲቀድም ሲዞር ሚኒሞው ይጨምራል። እነዚህ ሞተሮች ላይ መጀመሪያ በምርመራ ሳጥኑ ውስጥ ቲኢ1 እና ኢ1 የሚባሉትን ማገናኛዎች በሽቦ ማገናኘት ያስፈልጋል፤ ከዚያ በታይሚንግ ላይት (የእሳቱን ሰዓት በሚያሳይ መብራት) እየታየ 10 ዲግሪ ላይ ይደረጋል። ሽቦው ካልተገናኘ ኮምፒውተሩ ራሱ ስለሚያንቀሳቅሰው የሚታየው ቁጥር እውነተኛው አይደለም።

የመጽሐፉን የቫኪዩም ቁጥር እንዳለ መውሰድ

የጥገና መጽሐፉ ቫኪዩሙን (በማኒፎልዱ ውስጥ ያለውን የመሳብ ኃይል) 18 ወይም 20 ኢንች የሚለው ለባሕር ጠረፍ ነው። በየ300 ሜትሩ 1 ኢንች ያህል ይቀነሳል፤ ደብረ ብርሃን ላይ 10 ኢንች አካባቢ ያሳየ ጌጅ ጤነኛ ሞተር ሊሆን ይችላል። ይህን ሳያውቁ ደህናውን ማኒፎልድ መፍታት ጊዜና ጓርኒሲዮን ማባከን ነው።

ኤሌክትሪኩን ለመጨረሻ መተው

ሞተሩን ከነኮምፒውተሩ ግዙ። ከሞተሩ ወደ ቦዲው የሚሄደው ኔጋቲቭ ሽቦ ቀለም የሌለበት ብረት ላይ ይታሰር። የነዳጅ ገመድ የሌላቸው አዳዲሶቹ መኪኖች ደግሞ ባትሪያቸው ተነቅሎ ሲገጠም ወይም ትሮትላቸው ሲታጠብ ሚኒሟቸው ለጊዜው ከፍ ሊል ይችላል። መብራቱንና ኤሲውን አጥፍታችሁ፣ የራዲያተሩ ቬንትሌተር እስኪነሣ ድረስ ነዳጅ ሳትረግጡ አቁማችሁ አሠሩት፤ ከዚያም ትንሽ ንዱትና እንደገና ለኩት።