የድሮ የጡብ ቤት ሲጠገን ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ የድሮ የጡብ ቤት የገዙ ወገኖች አሉ። ጎን ለጎን ተያይዘው የተሠሩት ቀያይ ቤቶች ብዙዎቹ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተዋል። በጡቦቹ መሃል ያለው ማያያዣ (ሞርታር) እንደ አሸዋ መርገፍ ሲጀምር ባለቤቱ ይደነግጥና ቶሎ ይደፈንልኝ ይላል። እነዚህን ግድግዳዎች ከእርጅናቸው ይልቅ የሚጎዳቸው ግን ያለ እውቀት የተሠራ ጥገና ነው።

በሲሚንቶ መድፈን

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ዛሬ የምናውቀው ሲሚንቶ አሜሪካ ውስጥ መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ሲሆን፣ በየግንባታው የተለመደው ከ1900 በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ጡብ የሚገነባው በኖራና በአሸዋ ነበር። የዚያ ዘመን ጡብ ለስላሳ ነው፤ ውኃም ይመጥጣል። ግድግዳው የጠጣው እርጥበት ተመልሶ የሚወጣው በዋናነት በኖራው በኩል ነው። ኖራው ተፍቆ በሲሚንቶ ሲደፈን ውኃው መውጫ ያጣና ጡቡ ውስጥ ይቀራል። የአሜሪካ ክረምት ሲገባ ያ ውኃ በረዶ ይሆናል፤ ውኃ በረዶ ሲሆን ደግሞ መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ያኔ የጡቡ ፊት እየተላጠ ይወድቃል። እንዲህ የተጠገነ ግድግዳ ቀረብ ብላችሁ ብታዩ፣ የሲሚንቶው መስመር ወደ ውጭ ፈጦ ጡቡ ወደ ውስጥ ተቦርቡሮ ታገኙታላችሁ።

የእኛው ጎንደርም ይህን አይታለች። በጣሊያን ወረራ ዘመን የፋሲል ግቢ ግንቦች በሲሚንቶና በአርማታ ተጠግነው ነበር። በኋላ የመጡት ጠጋኞች ሥራው ለግንቦቹ የማይስማማ ሆኖ ስላገኙት ወደ ኖራ ተመለሱ። እዚያ ግንቡ ድንጋይ ነው፤ ሕጉ ግን አንድ ነው። ማያያዣው ከተሸካሚው መለስለስ አለበት። ያረጀ ሞርታር ይተካል፤ የተሰባበረ የመቶ ዓመት ጡብ ግን አምሳያውን ማግኘት ከባድ ነው።

ስለዚህ ሞርታር ስትገዙ ከረጢቱ ላይ ያለውን ፊደል አንብቡ። ከጠንካራው ወደ ለስላሳው ሲሄድ ኤም፣ ኤስ፣ ኤን፣ ኦ፣ ኬ ነው። ሱቅ ውስጥ በቀላሉ የሚገኘው ኤስ ለድሮ ጡብ አይሆንም። ኦ ማለት 1 እጅ ሲሚንቶ፣ 2 እጅ ኖራ፣ 9 እጅ አሸዋ ነው። ጡቡ በጣም ለስላሳ ከሆነ ግን ሲሚንቶ ጭራሽ የሌለበት የኖራ ሞርታር ይሻላል። የድሮው ሞርታር ምን እንደሆነ ለመገመት በምስማር ጫር አድርጉት። በቀላሉ ከተፋቀና ነጫጭ የኖራ እንክብሎች ከታዩበት ኖራ ሳይሆን አይቀርም።

የውኃውን ምንጭ መርሳት

ሞርታሩ የረገፈው አንድ ጥግ ላይ ብቻ ከሆነ መጀመሪያ ቀና ብላችሁ አሸንዳውን እዩ። የተዘጋ ወይም የተቀደደ አሸንዳ ሳይስተካከል የሚሠራ ጥገና ገንዘብ ማባከን ነው።

በግራይንደር መቁረጥ

ያረጀውን ሞርታር በግራይንደር (በሚሽከረከር የኤሌክትሪክ መቁረጫ) ማውጣት ሥራውን ያፈጥናል፤ ለዚህም ሠራተኞች ይወዱታል። ችግሩ በጡቦቹ መሃል ቀጥ ብለው የቆሙት አጫጭር መጋጠሚያዎች ላይ ነው። ምላጩ ከመስመሩ አልፎ ከላይና ከታች ያለውን ጡብ ይቆርጣል፤ ያ ጠባሳ አይጠፋም። በመዶሻና በቀጭን መሮ ይሠራ። አቧራው ለሳንባ አደገኛ ስለሆነ ደህና ማስክ አይርሳ። የሚፋቀው ጥልቀት የመጋጠሚያውን ስፋት ሁለት እጥፍ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ይሁን። ላይ ላዩን የተለቀለቀ ሞርታር ብዙም ሳይቆይ ይረግፋል። ከመሙላታችሁ በፊት ጡቡን አርጥቡት፤ ደረቅ ጡብ የሞርታሩን ውኃ ይመጠዋል። ከ6 ሚሊሜትር ባልበለጠ ውፍረት ደረብ ደረብ እያደረጋችሁ ሙሉት። ሙቀቱ ከ40 ፋራናይት በታች ሲሆን አትጀምሩ። ፀሐይ ካከረረ ደግሞ በእርጥብ ጆንያ ሸፍኑት።

አሸዋ ነፍቶ ማጽዳትና ቀለም መቀባት

ጡብ ሲተኮስ የውጭ ቆዳው ይጠነክራል። በኃይል የሚነፋ አሸዋ ያንን ቆዳ ይገፈዋል፤ ከዚያ በኋላ ጡቡ ዝናብ እንደልቡ ይጠጣል። ለዚህ ደግሞ መፍትሔ ብለው አንዳንዶች ቀለም ወይም ውኃ የማያሳልፍ ቅባት ይቀቡታል። ያም እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል። ለስላሳ ብሩሽና ቀስ ብሎ የሚፈስ ውኃ ለብዙው ቆሻሻ ይበቃል።

ኮንትራክተር ስትቀጥሩ ምን ዓይነት ሞርታር እንደሚጠቀም ጠይቁት። «ሲሚንቶ ነው፣ ጠንካራ ነው» ካላችሁ ሌላ ፈልጉ። ቤቱ በታሪካዊ ቀጠና ውስጥ ከሆነ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ከከተማው አጣሩ። ከዚያም ከቤቱ ጀርባ፣ ዓይን በማይበዛበት በኩል ትንሽ ቦታ ላይ ሠርቶ ያሳያችሁ። የሞርታሩን ቀለም ሲደርቅ አይታችሁ ነው ወደ ፊት ለፊቱ ማለፍ፤ እርጥብ ሞርታር ሁልጊዜ ጠቆር ብሎ ይታያል።