ሌላ ሞተር ከመጫንዎ በፊት

የአሮጌ ላንድክሩዘር ወይም ላንድሮቨር ሞተር ሲከዳ መጀመሪያ የሚሰማው «ሌላ ሞተር እንጫንለት» ነው። እስቲ ቆይ። የገደለው ነገር ሳይታወቅ የሚገባ ሞተር በዚያው በሽታ ይሞታል።

ሞተሩ ጨርሶ አይዞርም

ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) «ጧ» ብሎ ይቆማል። ባትሪውና የገመዶቹ ጫፍ ቀድመው ይታዩ። መኪናው ውሃ ሲሻገር ከጠፋ ግን ቁልፉን ደግመው አይንኩ። ውሃ እንደ አየር አይታመቅም። ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ከሆነ ፒስተኑ ሲገፋው ቢዬላው (ፒስተኑን የያዘው ዘንግ) ይታጠፋል። ካንዴላዎቹን፣ ናፍጣ ከሆነ ኢንጀክተሮቹን (ነዳጅ የሚረጩትን) ፈተው ሞተሩን በእጅ ያዙሩት። ውሃው ተርከፍክፎ ይወጣል፤ ዘይቱም ይቀየር። ተፈትቶም አልዞርም ካለ ሞተሩ መውረዱ ነው።

ሰማያዊ ጭስ፣ የጉልበት ማነስ

ዘይት እየተቃጠለ ነው። ኮምፕረሽን (ሲሊንደር ውስጥ የሚታመቀውን አየር ግፊት) ያስለኩ። አንዱ ሲሊንደር ከሌሎቹ ከ10 እስከ 15 በመቶ በላይ ካነሰ ችግሩ እዚያ ነው። በቤንዚን ሞተር ላይ ጥቂት ዘይት ጨምረው ደግመው ይለኩ። ግፊቱ ከፍ ካለ ያለቀው ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም ሲሊንደሩ ነው፤ ካልተነቃነቀ ቫልቩን ወይም ጓርኒሲዮኑን (በሲሊንደሮቹና በክዳናቸው መሃል ያለውን መዝጊያ) ይጠርጥሩ።

ምን ጨረሰው? በሜዳ መኪና ላይ መልሱ ብዙ ጊዜ አቧራ ነው። ከአየር ማጣሪያው በኋላ ያለውን ቱቦ ፈተው ውስጡን በነጭ ጨርቅ ይጥረጉት። ጨርቁ አፈር ካነሳ አየሩ ማጣሪያውን አልፎ እየገባ ነው። እኔ አንዴ ፋሻ ቀይሬ ጭሱ በጥቂት ወራት ተመልሶ መጣ። ጥፋተኛዋ ከስር በኩል የተሰነጠቀች የጎማ ቱቦ ነበረች፤ ማጣሪያውን ግን በየሳምንቱ ሳራግፍ ነበር!

ሲሊንደሩ ከተጫረ ተሞርዶ ለምሳሌ በ0.5 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ፒስተን ይገባለታል። ቱቦው ግን ቀድሞ ይቀየር።

ነጭ ጭስ፣ የሚጎድል ውሃ

ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል ወይም ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ተሰንጥቋል። ቴስታታው ሳይመረመር ጓርኒሲዮን ብቻ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው። ራዲያተሩንም ያስፈትሹ፤ ሙቀቱ ከየት እንደመጣ መታወቅ አለበት።

ከታች የሚመጣ ኳኳታ

የዘይት ግፊቱም ከወረደ ወዲያው ያጥፉት፤ ያለቀው ብሮንዚን (የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ኮሎው፣ የሚሽከረከርበት ሽፋን) ነው። ግፊቱ ደህና ከሆነና ሞተሩ የድሮ ናፍጣ ከሆነ፣ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ በዝግታ ሲዞር) ላይ የኢንጀክተር ቧንቧዎቹን በየተራ ላላ ያድርጉ። ድምፁ የሚቀንስበት ሲሊንደር ይታወቃል። ከዚያ ኢንጀክተሩን ከጎረቤቱ ጋር ያቀያይሩ። ኳኳታው ተከትሎት ከሄደ ጥፋቱ የኢንጀክተሩ ነው፣ ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ ብዙ ሞተር በዚህ ስህተት ወርዷል። ካልተከተለው ኮፓውን (ከሞተሩ ስር ያለውን የዘይት መያዣ) ፈተው ብሮንዚኑን ይዩ። ኮሎው ካልተጫረ ከታች መቀየር ይቻላል።

መቀየር ግድ ከሆነ

ድምፄን የምሰጠው ለዚያው ዓይነት ሞተር ነው። ሌላ ዓይነት ሲገባ የካምቢዮው መገጣጠሚያ፣ የሞተር መቀመጫውና ራዲያተሩ ሁሉ ሥራ ይሆናሉ። በተለይ ኮፓውን ይለኩ። ቆሞ ሳለ የማይነካው ኮፓ፣ መኪናው ጉድጓድ ሲገባ የፊት ዲፈረንሻሉ ይመታዋል።

ከመነሳቱ በፊት ነዳጁን ዘግተው፣ የዘይት ግፊት እስኪታይ ድረስ በሞተሪኖ በየመሃሉ እያሳረፉ ያዙሩት። ሲነሳ ከስር ገብተው ዘይት የሚንጠባጠብ ካለ ይዩ። ከመጀመሪያዎቹ 1000 ኪሎ ሜትሮች በኋላ ዘይቱና የዘይት ማጣሪያው ይቀየር፤ የወጣውን ዘይት በብርሃን ይመልከቱት፣ የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ካለ ኮፓው እንደገና ይፈታል።