ሳይተን የሚነቀል አቶም፦ ስለ ስፐተሪንግ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ማርቆስ ውስጥ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር የመማሪያ ክፍሉ ፍሎረሰንት ብልጭ ድርግም እያለ ይነሳል። ቀና ብላችሁ ጫፎቹን እዩ፤ ጠቁረዋል። ጥላሸት እንዳይመስላችሁ። ከፊሉ በትነት የመጣ ነው። የቀረው ግን አምፖሉ በተነሳ ቁጥር የጋዙ አዮኖች ኤሌክትሮዱን እየደበደቡ የነቀሉት አቶም ነው። ሂደቱ ስፐተሪንግ ይባላል። የብሪታንያው ሳይንቲስት ዊልያም ግሮቭ በ1852 እ.ኤ.አ. ጽፎበታል፤ ተማሪ ግን ዛሬም ፈተና ላይ ያምታታዋል።

«አዮኑ ሜታሉን አሙቆ ያተነዋል»

የስህተቶቹ ሁሉ እናት ይህች ናት። እውነት ነው፣ አዮኖቹ ይዘውት የሚመጡት ኢነርጂ አብዛኛው ወደ ሙቀት ይቀየራል፤ ለዚህም ነው የሚደበደበው ሜታል ከጀርባው በውሃ የሚቀዘቅዘው። አቶሙን የሚነቅለው ግን ሙቀቱ አይደለም፣ ግጭቱ ነው። ከረንቦላ ቤት ገብታችሁ ኳስ ከኳስ ሲጋጭ ካያችሁ ነገሩ ገብቷችኋል።

ማስረጃው የፊዚክስ ሊቁ ጎትፍሪድ ዌነር በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የሠራው ሙከራ ነው። ነጠላ ክሪስታል (አቶሞቹ ሁሉ በአንድ ወጥ አደራደር የተሰለፉበት ሜታል) በአዮን ሲደበድብ፣ አቶሞቹ በተወሰኑ አቅጣጫዎች በርከት ብለው እየወጡ ፊት ለፊት ባለው ገጽ ላይ ነጠብጣብ ሠሩ። የተነነ አቶም የክሪስታሉን አደራደር የሚያስታውስበት ምክንያት የለውም። ኢነርጂውም ይለያል፦ በትነት የሚወጣ አቶም ከ0.1 እስከ 0.2 ኤሌክትሮን ቮልት (የአቶሞች ኢነርጂ መለኪያ) አካባቢ ሲይዝ፣ በግጭት የተነቀለው ጥቂት ኤሌክትሮን ቮልት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዞ ይወጣል።

«አቶሙን ገጹ ላይ የያዘው ኢነርጂ 3.5 ከሆነ፣ 4 ኤሌክትሮን ቮልት ይበቃል»

ለመዳብ 3.5 የሚለው ቁጥር ትክክል ነው፤ ድምዳሜው ግን አያስኬድም። እዚህ ላይ አንድ ጎበዝ ተማሪ ሁልጊዜ እጁን ያወጣል፦ «ቲቸር፣ አዮኑ ወደ ውስጥ እየሄደ አቶሙ ለምን ወደ ውጭ ይወጣል?» መልሱ ሁሉ ያለው እዚች ጥያቄ ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ምት አቶሙን ወደ ውስጥ ነው የሚገፋው። እሱ ከታቹ ያሉትን ይገጫል፣ እነሱም ጎረቤቶቻቸውን፣ ሞመንተሙ እየዞረ መጥቶ የላይኛውን ድርድር አቶም ከሥር ወደ ውጭ ይመታዋል። በየግጭቱ ኢነርጂ ይከፋፈላል። ስለዚህ የአርጎን ጋዝ አዮን ብዙዎቹን ሜታሎች መንቀል የሚጀምረው ከ15 እስከ 35 ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ነው።

ክብደትም አለ። አርጎን መዳብን ፊት ለፊት ሲገጭ እስከ 95 በመቶ ኢነርጂውን ሊሰጠው ይችላል። የሃይድሮጅን አዮን ለተንግስተን የሚሰጠው ግን ቢበዛ 2 በመቶ ነው። ኤሌክትሮንማ ከቁጥር አይገባም።

«ኢነርጂ በጨመረ ቁጥር ምርቱ (በአንድ አዮን የሚነቀለው አቶም) ይጨምራል»

እስከ ተወሰነ ድረስ። በአሥር ሺዎች ኤሌክትሮን ቮልት ሲደርስ አዮኑ ጠልቆ ይገባና ኢነርጂውን ከገጹ ርቆ ያራግፋል፤ የሚነቀለው ይቀንሳል። አዮኑ አጋድሎ ሲመጣም እንዲሁ ነው፦ መጀመሪያ ይጨምራል፣ ገጹን ሊዳብስ ሲቃረብ ግን ተንሸራቶ ያልፋል።

«የሚወጣው አዮን ነው»

አይደለም። ከንጹሕ ሜታል የሚወጣው በአብዛኛው ቻርጅ የሌለው አቶም ነው። በቮልቴጅ ልምራው ብትሉ አይሰማችሁም።

ገጹን ንጹሕ ነው ብሎ መነሳት

አሉሚኒየም ላይ ይህ ስህተት ሰው ያሳብዳል። አየር የነካው አሉሚኒየም ቀጭን ኦክሳይድ ይለብሳል፤ ኦክሳይዱ ደግሞ ከሜታሉ በጣም በዝግታ ነው የሚነቀለው። መጀመሪያ ላይ ምንም የማይሠራ ይመስላችኋል። መሣሪያው አልተበላሸም፣ ቆዳው እስኪላጥ ጠብቁ። ሥራው የሚካሄድበት ቻምበር (አየሩ የወጣለት ዝግ ክፍል) ከውጭ አየር የሚያስገባ ከሆነ ግን ኦክስጅኑ መልሶ ያለብሰዋል።

ስሌቱ ላይ

ምርት ማለት በአንድ አዮን በአማካይ የሚነቀል አቶም ነው። በ500 ኤሌክትሮን ቮልት አርጎን፣ መዳብ ከ2 ትንሽ ከፍ ይላል፣ ብር ወደ 3 ይጠጋል፣ ተንግስተን ግን ግማሽ ገደማ ነው። «ግማሽ አቶም እንዴት ይወጣል?» ብሎ መከራከር የለም፤ አንዱ አዮን ምንም አይነቅልም፣ ሌላው ሁለት ይነቅላል።

በካሬ ሴንቲሜትር 1 ሚሊ አምፔር የአዮን ከረንት ቢደርስ፣ በሴኮንድ ወደ 6.2 ሺህ ትሪሊየን አዮን ነው። መዳቡ በሴኮንድ ከ2 ናኖሜትር ትንሽ ያነሰ ይላጣል፣ በደቂቃ 100 ገደማ። በአሚሜትር ያነበባችሁትን ሁሉ ግን አዮን አታድርጉት። አዮኑ ሲመታ ከሜታሉ ኤሌክትሮንም ይወጣል፣ እሱም እዚያው ንባብ ውስጥ ይደመራል። ለአርጎንና ለብዙ ሜታሎች አንድ አሥረኛ ገደማ ስለሆነ፣ ያንን ቀንሳችሁ አስሉ።