በኤደን ያደገ የውጭ ዜጋን የልጅነት ትዝታ እንዴት መጻፍ ይቻላል?

ኤደን ከ1839 እስከ 1967 በእንግሊዝ እጅ የቆየች የየመን የወደብ ከተማ ናት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው)። አባታቸው ለሥራ ስለ ተመደቡ ብቻ በመጨረሻዎቹ የቅኝ ግዛት ዓመታት እዚያ ያደጉ ልጆች ዛሬ አዛውንት ሆነዋል፤ ሲያወሩ ባሕሩንና ፀሐዩን ያስቀድማሉ፤ ከዚያ በኋላ ድምፃቸው ይለሰልስና ዝርዝሩ ይጠፋል። ትዝታቸውን የሚጽፍ ሰው ናፍቆታቸውን ሳያጣጥል፣ ናፍቆቱ የጋረደውን ማውጣት ይኖርበታል።

አስቀድመው የሚጠይቁት ሰፈሩን ይሁን። በመዓላ ረጅም ጎዳና ዳር በተሠሩት ፎቆች የወታደር ቤተሰቦች ይኖሩ ነበር፤ ኮርማክሳር የአየር ኃይሉና የአውሮፕላን ማረፊያው ሰፈር ነው፤ ከወሽመጡ ማዶ በትንሿ ኤደን ያደገ ልጅ ከሆነ አባቱ በ1954 ሥራ በጀመረው የነዳጅ ማጣሪያ ተቀጣሪ ሳይሆኑ አይቀሩም። በጠፋ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተቆረቆረው ክሬተር ደግሞ የነጋዴዎች ሰፈር ነበር። ከተማዋ እስከ 1937 ድረስ በእንግሊዝ ሥር በነበረችው ሕንድ በኩል ትተዳደር ስለ ነበር ሕንዳውያንም ይኖሩባት ነበር፤ ስለዚህ እዚያ ያደገ የውጭ ዜጋ ሁሉ እንግሊዛዊ ነው ብሎ መነሣት ስሕተት ነው።

ዘመኑን ለማወቅ «ስንት ዓመተ ምሕረት ነበር?» ማለት ብዙ አይጠቅምም፤ ልጅ ዓመት አይቆጥርም። ይልቅስ ልጅ ሊረሳው የማይችለውን ነገር ይጥቀሱላቸው፤ ንግሥት ኤልሳቤጥ በ1954 ያደረጉትን ጉብኝት፣ በታኅሣሥ 1963 በኮርማክሳር አውሮፕላን ማረፊያ የተወረወረውን የእጅ ቦምብና ተከትሎት የመጣውን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ፣ ወይም በ1967 ቤተሰቦች በጥድፊያ የወጡበትን ወቅት። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። «ወደቡ ድንገት ጭር አለ» የሚል ትዝታ ቢሰሙ ወዲያው 1967 ብለው አይጻፉ፤ ወደቡን በመርከብ የሚሞላው የሱዌዝ ቦይ በ1967 ብቻ ሳይሆን በ1956 መጨረሻም ተዘግቶ ለወራት መርከብ አላሳለፈም። የትኛው እንደ ሆነ የሚለየው የባለታሪኩ ዕድሜ ነው።

ከዚያ ወደ ገላና ወደ እጅ ይውረዱ። «ሕይወት እንዴት ነበረ?» ለሚል ጥያቄ የሚገኘው መልስ «ደስ ይል ነበር» የሚል ብቻ ነው። እኔም ከአንዲት አዛውንት ጋር ይህን ጥያቄ እየደጋገምሁ አንድ ከሰዓት በኋላ አቃጥያለሁ። ስለ ቧንቧው ስጠይቃቸው ግን ቀና አሉ፦ በሙቀቱ ወራት ከቀዝቃዛው ቧንቧ የሚወርደው ውኃ እጅ ያቃጥል ነበርና፣ እናታቸው ገንዳውን ማታ ሞልተው ያሳድሩታል፤ ልጆቹም የሚታጠቡት ንጋት ላይ፣ በአንድ ውኃ በተራ ነው፤ ታናሽ በመሆናቸው ሁልጊዜ የመጨረሻዋ እሳቸው ነበሩ። ሌላውም እንዲሁ ነው፤ ስለ ባሕር ዳርቻው ሲጠይቁ ሻርክ ለመከላከል ስለ ተዘረጋው መረብ፣ ስለ ወደቡ ሰፈር ስለ ታዋሂ ሲጠይቁ ኮረብታው ላይ ስለ ቆመው የሰዓት ማማ ይጠይቁ።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የማይመች ቢሆንም አይዝለሉት፦ የቤቱን ሥራ ይሠሩ የነበሩት እነማን ናቸው? ከሰሜን የመን ተራሮች ወይም ከሶማሌ ጠረፍ የመጣው ሠራተኛ በልጁ ትዝታ ውስጥ ብዙውን ጊዜ የአባት ስም እንኳ የለውም። የት ያድር እንደ ነበር፣ ልጆች እንደ ነበሩት፣ ከሰዓት በኋላ ወዴት ይሄድ እንደ ነበር ይጠይቁ። የመጨረሻው ጥያቄ እኛንም ይነካል፤ የሐረርጌ ጫት በአውሮፕላን ኤደን ይገባ ነበርና። የቅኝ ግዛቱ መንግሥት ጫትን በ1957 ቢከለክልም፣ በዓመቱ ክልከላውን አንሥቷል። ከሰዓት በኋላ ጎዳናው ለምን ጭር ይል እንደ ነበር ልጁ ባያውቅም፣ ጭርታው ትዝ ሊለው ይችላል።

ረቂቁ ሲያልቅ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ለባለታሪኩ ያንብቡላቸው። የቦታ ስምና ዘመን የተሳሳተ እንደ ሆነ ያርሙ፤ በልጅነታቸው ከሠራተኛው አፍ የለቀሟቸውን የዓረብኛ ቃላት ግን፣ ዓረብኛው ቢጣመምም፣ ዛሬ እንደሚጠሯቸው አድርገው ይተዋቸው።