የተከታታይ ኮሜዲ የክፍሎች ማውጫ እንዴት ይዘጋጃል?

ጥቂት ክፍሎች ብቻ ተላልፈው የተቋረጠ፣ የወደዱት ሰዎች ግን ከዓመታት በኋላም ቀልዱን በቃላቸው የሚወጡት ተከታታይ የቴሌቪዥን ኮሜዲ፣ ታሪኩ በዝርዝር ተጽፎ የሚገኘው በአብዛኛው በአድናቂዎቹ እጅ ነው። ማውጫ ለማዘጋጀት የተሰባሰቡ አድናቂዎች ከሁሉ አስቀድመው ሊስማሙበት የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም እያንዳንዱን ክፍል በዐይኑ ያየ ሰው ይጻፈው፣ ከሌላ ዝርዝር አይገልበጥ የሚለው ነው። አንድ የተሳሳተ ቀን በአንድ ዝርዝር ውስጥ ከገባ፣ ከዚያ የገለበጡት ሁሉ ያንኑ ስሕተት ይደግሙታል፤ ዘግይቶ የመጣ አንባቢም አሥር ምስክር ያገኘ ይመስለዋል፣ ምስክሩ ግን ያው አንዱ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ክፍሎቹን በመቁጠር ሲሆን፣ ይህም ከሚታሰበው በላይ ያከራክራል። የሙከራው ክፍል ይቆጠራል? ለበዓል የተሠራው ልዩ ዝግጅትስ? «አሬስትድ ዴቨሎፕመንት» የተባለው የአሜሪካ ኮሜዲ አራተኛ ምዕራፍ እ.ኤ.አ. በ2013 በኔትፍሊክስ ሲወጣ 15 ክፍሎች ነበሩት፤ በ2018 ግን ያው ምዕራፍ እንደገና ተቆራርጦና ተቀጣጥሎ በ22 ክፍሎች ቀረበ። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል ተገቢ አይመስለኝም። መጀመሪያ ለታየው ዋናውን ቁጥር መስጠት፣ ሁለተኛውንም ለብቻው መዝግቦ የትኛው ትዕይንት ከየት ወደ የት እንደ ተዛወረ ማመልከት ይሻላል። ክፍሎቹ የተቀረጹበትና የተላለፉበት ቅደም ተከተልም ብዙ ጊዜ ስለማይገጥም፣ በሰንጠረዡ ላይ ለሁለቱም የየራሳቸው ዓምድ ይኑራቸው።

ርዕስን በተመለከተ ከ«ፖሊስ ስኳድ!» የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። ይህ የመርማሪ ፖሊስ ድራማዎችን የሚቀልድ ሥራ በ1982 ኤቢሲ በተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ የተላለፈ ሲሆን፣ ያሉት 6 ክፍሎች ብቻ ናቸው፤ አራቱ በማርች፣ ጣቢያው ሥራውን ካቋረጠው በኋላ የቀሩት ሁለቱ ደግሞ በጁላይ ታዩ። በእያንዳንዱ ክፍል መክፈቻ ላይ በስክሪኑ የሚጻፈው ርዕስና ተራኪው በድምፅ የሚያነበው ርዕስ ሆን ተብሎ ይለያያሉ፤ በመጀመሪያው ክፍል ጽሑፉ «ከፍ ያለ ስጦታ» የሚል ሐሳብ ሲኖረው ተራኪው ግን «የፈረሰው ቃል ኪዳን» ይላል። ለርዕስ አንድ ዓምድ ብቻ ያዘጋጀ አድናቂ እዚህ ላይ ከሁለቱ አንዱን ለመጣል ይገደዳል፤ የጣለው ደግሞ ራሱን ቀልዱን ነው። ስለዚህ የሰንጠረዡን ዓምዶች ሁለት ሦስት ክፍሎች ከማየታችሁ በፊት አትወስኑ፤ ምን ምን መመዝገብ እንዳለበት የሚነግራችሁ ሥራው ራሱ ነው።

ለስርጭት ቀን ደግሞ ከግምት ተጠንቀቁ። «ፎልቲ ታወርስ» የተባለው የእንግሊዝ ኮሜዲ ሁለተኛ ምዕራፍ አምስተኛ ክፍል በ1979 ማርች 26 ቀን ተላለፈ። በየክፍሉ ሰባት ቀን እየደመረ የሚሞላ ሰው ለመጨረሻው ክፍል ኤፕሪል 2 ብሎ ይጽፋል፤ ክፍሉ ግን በቢቢሲ ሠራተኞች የሥራ ማቆም ምክንያት ዘግይቶ ኦክቶበር 25 ቀን ነው የታየው። በጊዜው የታተመ የጋዜጣ የቴሌቪዥን ፕሮግራም እንኳ ሊተላለፍ የታቀደውን እንጂ የተላለፈውን ስለማይናገር፣ ከተቻለ በማግስቱ በወጣው እትም ማመሳከር ያስፈልጋል።

ርዝመት ሲመዘገብ የትኛው ቅጂ እንደ ታየ አብሮ ይጻፍ። በሰከንድ 24 ምስል ሆኖ በፊልም የተቀረጸ ክፍል፣ በሰከንድ 25 ምስል በሚያሳየው የአውሮፓ ቴሌቪዥን ሥርዐት ሲተላለፍ ይፈጥናል፤ 22 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ የነበረው 21 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ይሆናል። አንድም ቃል ሳይቆረጥ አንዱ አድናቂ ሌላውን «ያየኸው የተቆረጠውን ነው» ብሎ ሲከራከረው የኖረበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። በእርግጥ የተለወጡም አሉ፤ ስለ ሬዲዮ ጣቢያ የሚያወራው «ደብልዩ ኬ አር ፒ ኢን ሲንሲናቲ» በመጀመሪያው ስርጭት ያሰማቸው የታወቁ ዘፈኖች፣ በባለመብትነት ክፍያ ምክንያት በኋለኞቹ ቅጂዎች በብዛት በሌላ ሙዚቃ ተተክተዋል።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ፣ ወደ ማየቱና ወደ መጻፉ እንግባ። እያንዳንዱን ክፍል ሁለት ሰዎች ሳይመካከሩ ቢያዩትና የጻፉትን በኋላ ቢያስተያዩ መልካም ነው። በመጀመሪያው ዙር ምንም አትጻፉ፤ እንደ ተመልካች ሳቁ። በሁለተኛው ሪሞቱን ይዛችሁ እያቆማችሁ ጻፉ፤ ለምታነሡት ሁሉ ደቂቃውንና ሰከንዱን አኑሩ። የተዋንያንንና የባለሙያዎችን ስም በስክሪኑ ላይ እንደ ተጻፈው ቅዱ፤ ፊደሉ የተሳሳተ ቢመስላችሁ እንኳ እርማታችሁን በማስታወሻ እንጂ በስሙ ላይ አታድርጉት።

የታሪኩ አጭር መግለጫ ከሁሉም የሚከብደው ነው። የኮሜዲ ሤራ በሦስት ዐረፍተ ነገር ይነገራል፤ ቀልዱ ግን ተነግሮ አያልቅም፣ ሲብራራም ይሞታል። እኔ የምከተለው መንገድ ሁኔታውን እስከ አፋፉ አድርሶ መተው ነው። በ«ፖሊስ ስኳድ!» መጨረሻ ላይ፣ ምስሉ ቆሞ የመዝጊያ ስሞች እንደሚያልፉባቸው ድራማዎች ለመምሰል ተዋንያኑ ራሳቸው ባሉበት ደርቀው ይቆማሉ፤ ካሜራው ግን አልቆመም፣ በአንዱ ክፍል ከጀበናው የሚቀዳው ቡናም ከስኒው ሞልቶ መፍሰሱን ይቀጥላል። ይህንን ለመግለጽ «ሁሉም ደርቀው ይቆማሉ፤ ቡናው አይቆምም» ማለት ይበቃል። «በጣም አስቂኝ ትዕይንት» ብሎ መጨመር ለአንባቢው አንዳች አይፈይድም።

ከክፍል ክፍል የሚመላለሱ ቀልዶች ግን ለብቻቸው መዝገብ ይገባቸዋል፤ አድናቂው ማውጫውን ደጋግሞ የሚከፍተው ለእነርሱ ነውና። በዚሁ ሥራ መክፈቻ ላይ የሚተዋወቀው የክብር እንግዳ በየክፍሉ ወዲያው ይሞታል፤ ተዋናዩ ዊልያም ሻትነር የተተኮሰበትን ጥይት ካመለጠ በኋላ የተመረዘ ወይን ጠጥቶ ይወድቃል። ስድስቱን አሟሟቶች ጎን ለጎን ያሰፈረ ሰው፣ ጸሐፊዎቹ አንዱን ሐሳብ እንዴት እያዟዟሩ እንደ ተጠቀሙበት በግልጽ ያያል፤ ይህ ደግሞ ክፍሎቹን አንድ በአንድ በማየት ብቻ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም።

በመጨረሻም ያልተገኘ ክፍል ቢኖር ረድፉን አትሰርዙት። ቢቢሲ በጊዜው ውድ የነበሩትን የምስል ቴፖች እያጠፋ ደግሞ ይቀርጽባቸው ስለነበር፣ «ዳድስ አርሚ» የተባለው ኮሜዲው ሁለተኛ ምዕራፍ ከያዛቸው 6 ክፍሎች አምስቱ ጠፍተው ኖረዋል፤ ሁለቱ በ2001 ተገኙ፣ ሦስቱ ግን እስካሁን የሉም። ለእንዲህ ያለው ክፍል ቁጥሩን፣ ርዕሱንና የተላለፈበትን ቀን ጻፉ፤ የታሪኩን መግለጫ ከስክሪፕት ወይም ከተመልካች ትዝታ ካገኛችሁት ምንጩን እዚያው ግለጹ፤ ክፍሉን በዐይኑ ያየው ሰው ስም በሚጻፍበት «ያየው» በሚለው ዓምድ ሥር ያለውን ቦታ ግን ባዶውን ተዉት።