ፓይተን ሊስት ውስጥ በየ3ቱ መሀል አንድ ነገር እንዴት ይገባል?

ይሄን የምጽፈው እኔን ሁለት ምሽት የበላኝን ነገር እናንተ በ10 ደቂቃ እንድትገላገሉት ነው። ካፌ ያለው አንድ ጓደኛዬ የሚያጫውታቸውን ዘፈኖች ዝርዝር ሰጥቶኝ «በየ3 ዘፈኑ መሀል የኛን ማስታወቂያ አስገባልኝ» አለኝ፣ እኔም ይሄማ ምን አላት ብዬ በፓይተን ጀመርኩት። ዝርዝሩን ፓይተን ሊስት ነው የሚለው።

ኮዱን እዚህ በፊደል ነው የምጽፈው፣ ኤዲተር ላይ ግን ኢንሰርት (insert)፣ አፔንድ (append)፣ ሬንጅ (range)፣ ፎር (for)፣ ኢን (in)፣ ኢኑመሬት (enumerate)፣ ኢፍ (if)፣ ኤንድ (and)፣ ሌን (len) የምላቸውን በእንግሊዝኛ ነው የምትጽፏቸው። የቫሪያብል (ዋጋ የምታስቀምጡበት) ስም ብቻ በአማርኛ ብታረጉት ፓይተን 3 ይቀበላል፣ «ዘፈኖች» ብላችሁ ሞክሩት ይሰራል፣ እኔ ኪቦርድ መቀያየር ስለሚያሰለቸኝ አላደርገውም።

1. መጨረሻ ላይ ይግባ አይግባ ጠይቁ

12 ዘፈን ካለና «በየ3ቱ መሀል» ከተባለ ማስታወቂያው 3 ጊዜ ይገባል። «ከየ3ቱ በኋላ» ከተባለ ግን ከ12ኛው ቀጥሎም ስለሚገባ 4 ነው። ሰው ሲያወራ ሁለቱን አይለያቸውም። ጓደኛዬ መሀል ብቻ ስላለኝ እዚህም በሱ እንሄዳለን።

2. በቁጥር ሞክሩ

ዘፈኑን ለጊዜው ተዉት። ከ1 እስከ 12 ያለ የቁጥር ሊስት ስሩና ማስታወቂያውን 0 በሉት፣ ስህተቱ ወዲያው አይናችሁ ላይ ይመጣል።

3. የኢንሰርት ጣጣ

ኢንሰርት ሁለት ነገር ይቀበላል፣ የት ቦታ እና ምን። ፓይተን ከ0 ጀምሮ ስለሚቆጥር ኢንሰርት(3, 0) ስትሉት 0ውን ልክ ከ3 ቁጥር ቀጥሎ ይከትላችኋል። እስከዚህ ሰላም ነው። ቀጥሎ ማንም ሰው የሚያስበው «በቃ 3፣ 6፣ 9 ላይ አስገባለሁ» ነው፣ እኔም እሱን አደረግኩ፣ የወጣው ግን ይሄ ነው፦

1 2 3 0 4 5 0 6 7 0 8 9 10 11 12

የመጀመሪያው ልክ ነው፣ ከዛ በኋላ ግን በየ2ቱ ሆነ። የታክሲ ሰልፍ ላይ አንድ ሰው መሀል ሲገባ ከሱ ኋላ ያለው ሁሉ አንድ አንድ ቦታ ይገፋል አይደል፣ ሊስትም እንደዛው ነው። የመጀመሪያው 0 ሲገባ ቦታ 6 ላይ የነበረው ወደ 7 ሄደ፣ እኔ ግን አሁንም በድሮው ቁጥር 6 ላይ ነው የምፈልገው።

እሺ ብዬ በሉፕ (በሚደጋገም ትዕዛዝ) ሬንጅ(3, ሌን(ሊስቱ), 4) አልኩት፣ ከ3 ተነስቶ የሊስቱ ርዝመት ላይ ሳይደርስ በ4 በ4 እየዘለለ ይሄዳል ማለት ነው፣ 3፣ 7፣ 11። በ12 ቁጥር ሞከርኩት፣ ልክ ነው፣ ደስ ብሎኝ ለጓደኛዬ ሰጠሁት። የሱ ሊስት ግን 20 ዘፈን ነበር። ሬንጅ የሊስቱን ርዝመት የሚወስደው ሉፑ ሲጀመር አንዴ ብቻ ነው፣ ሊስቱ እያደገ ቢሄድም እሱ 20 እንዳለ ነው የሚያውቀው፣ ስለዚህ 3፣ 7፣ 11፣ 15፣ 19 ብሎ ቆመ። ከ18ኛው ዘፈን ቀጥሎ፣ ማለትም ቦታ 23 ላይ መግባት የነበረበት ማስታወቂያ ቀረ። ኤረር የለ፣ ምን የለ። የመጨረሻዎቹ 5 ዘፈኖች በተከታታይ ያለ ማስታወቂያ ሲሄዱ ጓደኛዬ ነው ቁጭ ብሎ ቆጥሮ የነገረኝ፣ እኔ በ12 ብቻ ሞክሬ እርግጠኛ ነበርኩ። ስለዚህ ስትሞክሩ ለ3 እኩል በሚካፈል ቁጥርም፣ በማይካፈልም፣ ረዘም ባለም ሞክሩ። ባዶ ሊስትም ስጡት።

4. ኢንሰርት ካላችሁ ከኋላ ጀምሩ

የሚገፋው ሁሌ ከኋላ ያለው ስለሆነ ከመጨረሻው ወደፊት ከመጣችሁ የቦታ ሂሳቡ ሁሉ ይቀርላችኋል። በ20ው ሊስት መጀመሪያ 18 ላይ ታስገባላችሁ፣ የሚገፉት 19ኛውና 20ኛው ብቻ ናቸው፣ ከፊት ያለው ንቅንቅ አይልም። ከዛ 15፣ 12፣ 9፣ 6፣ 3። ይሄ ማለት ሬንጅ(18, 0, -3) ነው። 18ን ለማግኘት ከርዝመቱ 1 ቀንሱ፣ ለ3 አካፍሉና ቀሪውን ጣሉት፣ መልሳችሁ በ3 አባዙ። 19 ለ3 ሲካፈል 6፣ 6 በ3 ደግሞ 18። ማካፈያው ሁለት ስላሽ (//) ይሁን፣ በአንዱ ካካፈላችሁ ነጥብ ያለው ቁጥር ስለሚሰጣችሁ ሬንጅ አልቀበልም ይላል።

5. እኔ አሁን የማደርገው

እውነቱን ለመናገር ኢንሰርትን ትቼዋለሁ። አዲስ ባዶ ሊስት እከፍትና እየቆጠርኩ እሞላዋለሁ፦

አዲስ = []
ፎር ቁ, ዘፈን ኢን ኢኑመሬት(ዘፈኖች, 1):
    አዲስ.አፔንድ(ዘፈን)
    ኢፍ ቁ % 3 == 0 ኤንድ ቁ < ሌን(ዘፈኖች):
        አዲስ.አፔንድ(ማስታወቂያ)

አፔንድ ሊስቱ መጨረሻ ላይ ይጨምራል፣ ኢኑመሬት እያንዳንዱን ዘፈን ከነተራ ቁጥሩ ይሰጣል፣ ቁ % 3 ደግሞ ቁ ለ3 ሲካፈል የሚተርፈው ነው። ኢኑመሬት ላይ ያለችው 1 ቆጠራው ከ1 እንዲጀምር ነው፣ ከረሳችኋት ከ0 ይጀምርና ገና ከመጀመሪያው ዘፈን ቀጥሎ ማስታወቂያ ይገባል። «ቁ < ሌን» የምትለዋ መጨረሻ ላይ እንዳይገባ የምትከለክለው ናት፣ መጨረሻም ላይ የሚፈልግ ሰው እሷን ማጥፋት ነው። የድሮው ሊስት ሳይነካ ይቆያል፣ ከተበላሸም እንደገና መሞከር ነው። ኢንሰርት ደግሞ በገባ ቁጥር ከኋላው ያለውን ሁሉ ያንቀሳቅሳል፣ ለ20 ዘፈን ምንም አይደለም፣ መቶ ሺዎች ውስጥ ስትገቡ ግን መዘግየቱ ይታወቃል።

ነምፓይ (NumPy፣ ፓይተን ላይ የሚጫን የቁጥር መስሪያ) የምትጠቀሙ ከሆነ የሱ ኢንሰርት ሌላ ነው። ቦታዎቹን በአንዴ ዘርዝራችሁ ስትሰጡት በመጀመሪያው ሊስት አቆጣጠር ነው የሚያያቸው፣ ስለዚህ እኔን ያበላሸኝ 3፣ 6፣ 9 እዛ ልክ ነው። ለዚች ብላችሁ ግን ነምፓይ አትጫኑ።

ሌላው ያቃጠለኝ፦ ፎር ሉፕ እየዞረበት ያለው ሊስት ውስጥ አታስገቡ። የመጀመሪያው ምሽት ላይ «ቁጥሩ ለ3 ከተካፈለ ቀጥሎ 0 አስገባ» ብዬ ጽፌ ነበር። 3 ላይ ደረሰ፣ 0 አስገባ፣ ቀጥሎ ያገኘው ራሱን 0ውን ነው፣ 0 ደግሞ ለ3 ይካፈላል፣ ሌላ 0 አስገባ፣ እንዲህ እያለ ማለቂያ የለውም። ላፕቶፑ ፋኑ እንደ ወፍጮ ቤት መጮህ ሲጀምር ነው የነቃሁት፣ ኮንትሮል ሲ (ፕሮግራሙን ማቆሚያውን) ብጫን ብጫን እንቢ ብሎ በፓወር በተኑ ነው ያጠፋሁት፣ ሴቭ ያላደረግኩት ሌላ ስራም አብሮ ሄደ።

ደግሞ «ዘፈኖች = ዘፈኖች.ኢንሰርት(...)» እንዳትሉ፣ ኢንሰርት ሊስቱን እዛው ይቀይርና ነን (None፣ ምንም ማለት) ነው የሚመልሰው፣ ሊስታችሁ ይጠፋል።

3 የሚለውንም ኮድ ውስጥ ከምትበትኑት ላይ አንድ ቫሪያብል አድርጉት። ጓደኛዬ በሳምንቱ ደውሎ «ደንበኛ ተማረረ፣ በየ5ቱ ይሁን» አለኝ።