ለበረሃ ካምፒንግ የሚሆን ጂኦዴሲክ ዶም እንዴት እንደሚሠራ

ተራ ድንኳን ይዞ በረሃ የወጣ ሰው በሁለት ነገር ይማረራል። ቀን ውስጡ እንደ ምድጃ ይግላል። ማታ ንፋስ ሲነሳ ደግሞ ምሰሶው ይጎብጣል፣ ሸራው ሲንገጫገጭ ያድራል። ጂኦዴሲክ ዶም ለሁለቱም መላ አለው። አጫጭር ቱቦዎች በሦስት ማዕዘን እየተያያዙ የሚሠራ ክብ ጉልላት ነው። ሦስት ማዕዘን ጎኑ ካልታጠፈ ወይም ካልተሰበረ ቅርጹን አይለቅም። ስለዚህ ከአንድ በኩል የመጣ ግፊት ለብዙ ቱቦዎች ይከፋፈላል። በአሜሪካ፣ ኔቫዳ ውስጥ ብላክ ሮክ በረሃ ላይ በየዓመቱ በሚካሄደው በርኒንግ ማን የተባለ ፌስቲቫል ላይ እንዲህ ያሉ ዶሞች በብዛት ይተከላሉ። ክብ ቤት ለበረሃ ሰው አዲስ ነገርም አይደለም። የአፋር ሴቶች ከታጠፈ እንጨትና ከሰሌን የሚሠሩት ዳቦይታ ፈርሶ ግመል ላይ ይጫናል፣ በሄዱበት ይተከላል።

ለጀማሪ የምመክረው ሁለት ዓይነት ርዝመት ብቻ ያለውን ዶም ነው። 65 ቱቦ ይፈልጋል፤ 35 ረጅም፣ 30 አጭር። ሦስት ዓይነት ርዝመት ያለው ይበልጥ ክብ ይሆናል፣ ግን ሥራው በጣም ይበዛል። ለአራት ሰው መጠለያ አያስፈልግም።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ከመሃል እስከ ዳር ያለውን ርቀት በ0.618 ስታባዙት የረጅሙን፣ በ0.5465 ስታባዙት የአጭሩን ልክ ታገኛላችሁ። እኔ 2.3 ሜትር እመርጣለሁ። መሃሉ ላይ 2.3 ሜትር ቁመት ይኖረዋል፤ ወለሉ 15 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። ረጅሙ 142.1 ሳንቲ ሜትር፣ አጭሩ 125.7 ይመጣል። ይህ ግን በቱቦው ሁለት ጫፍ ላይ ለቡሎን ከሚበሳው ቀዳዳ እስከ ቀዳዳ ያለው ርቀት ነው። በየጫፉ ከቀዳዳው አልፎ 2 ሳንቲ ሜትር ስለሚተርፍ፣ ስትቆርጡ 146.1 እና 129.7 አድርጉት። ከአንድ የ6 ሜትር ቱቦ አራት ረጅም ወይም አራት አጭር ይወጣል። ስለዚህ 9 ለረጅሙ፣ 8 ለአጭሩ፣ በድምሩ 17 ቱቦ ግዙ። አንድ ረጅምና ሁለት አጭር መጠባበቂያ ይተርፋችኋል።

ቱቦው ጋልቫናይዝድ (እንዳይዝግ ዚንክ የተለበጠ)፣ 25 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 1.5 ሚሊ ሜትር ግድግዳ ያለው ቢሆን ጥሩ ነው። ሁሉም ተደምሮ 80 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፣ ፒክአፕ ላይ ይጫናል። የፕላስቲክ የውኃ ቱቦ ርካሽ ነው ብላችሁ እንዳትታለሉ። የበረሃ ፀሐይ ያለሰልሰዋል፣ ከዚያ ይጎብጣል። መጋጠሚያው 26 ቦታ ነው። ለእያንዳንዱ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 50 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው አንድ ቡሎን፣ ከነዳዶውና ከሁለት ሮንዴላ ጋር ያስፈልጋል። ቡሎን አሸዋ ውስጥ ይጠፋልና ጥቂት ጨምሩ።

ከሥራው ሁሉ ትዕግሥት የሚጠይቀው ጫፎቹን ማዘጋጀት ነው። ቱቦውን ሞርሳ (ብረት አጥብቆ የሚይዝ መሣሪያ) ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት የብየዳውን መስመር ፈልጉ። በቱቦው ርዝመት ቀጥ ብሎ የሚሄድ ቀጭን መስመር ነው። ይህ መስመር ከሚጠፈጠፈው ገጽ መሃል ይዋል። ጠርዙ ላይ ከዋለ ብረቱ እዚያው ላይ ይሰነጠቃል። ከዚያ 5 ሳንቲ ሜትር ያህሉን አጥብቃችሁ ጠፍጥፉት። ሁለቱ ጫፎች በአንድ አቅጣጫ መጠፍጠፍ አለባቸው። አንዱ ተኝቶ ሌላው ከቆመ ያ ቱቦ አይገጥምም።

ቀዳዳውን በሜትር እየለካችሁ አትብሱ። ረጅም ጣውላ ላይ አንድ ቡሎን ትከሉ፣ ከመሃሉ 142.1 ሳንቲ ሜትር ርቃችሁ መስመር አስምሩ። የቱቦውን አንድ ጫፍ ከዳሩ 2 ሳንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ ብሱት፣ ቡሎኑ ላይ ሰኩት፣ ሁለተኛውን ጫፍ መስመሩ ላይ ብሱ። ትራፓኖው እንዳያንሸራትት መጀመሪያ በወፍራም ምስማር ነጥብ ምቱበት። ለአጭሩም በ125.7 ሌላ መስመር አስምሩ። የአንድና የሁለት ሚሊ ሜትር ልዩነት ምንም አይደለም። ግማሽ ሳንቲ ሜትር ከተደጋገመ ግን መጨረሻ ላይ ቡሎኑ አልገባም ይላል። በመጨረሻ ጠፍጣፋውን ጫፍ እጠፉት፤ ረጅሙን 18፣ አጭሩን 16 ዲግሪ ያህል። ሁለቱም ጫፍ ወደ አንድ ጎን ይታጠፍ። ሹል ጠርዙን በሞረድ አለስልሱ። መነጽርና ጓንት አይለያችሁ። ጋልቫናይዝድ ብረት ሲበየድ ጭሱ ሰው ያሳምማልና ብየዳ አታስቡ፤ ለዚህ ሥራ አያስፈልግም።

ረጅሞቹን ቀይ፣ አጭሮቹን ሰማያዊ ቀለም ቀቡ። ቀለም መለየት ትልቅ ዶም ሲሠራም የሠራ ዘዴ ነው። አሜሪካዊው ባክሚንስተር ፉለር ጂኦዴሲክ ዶምን እ.ኤ.አ. በ1954 ፓተንት (የፈጠራ መብት) አስወጣበት። በ1956 ለአፍጋኒስታኗ ካቡል የንግድ ትርኢት የተላከው የእሱ ዶም ክፍሎቹ በቀለም ተለይተው ስለነበር፣ የአካባቢው ሠራተኞች በሁለት ቀን አቁመውታል።

አሁን ወደ ማቆሙ። ሦስት ወይም አራት ሰው ይበቃል፤ አንድ አጭር መሰላልም ያዙ። መጀመሪያ ግን ቤታችሁ ግቢ ውስጥ አንድ ጊዜ ሞክሩት።

አሥር ቀይ በክብ ዘርግታችሁ አያይዙ፤ ይህ መሠረቱ ነው። ከእያንዳንዱ የመሠረት መጋጠሚያ አንድ ቀይና አንድ ሰማያዊ ወደ ላይ ይወጣል። ሁለት ቀይ ጫፍ ለጫፍ ተገናኝተው አንድ ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ፣ ቀጥሎ ሁለት ሰማያዊ፣ እንዲህ እያፈራረቃችሁ ዙሩ። አሥር ጫፎች ይኖሯችኋል። እነሱን ጎን ለጎን በአሥር ሰማያዊ አያይዟቸው። ከዚያ ሰማያዊዎቹ ከተገናኙበት ጫፍ አንድ ሰማያዊ፣ ቀዮቹ ከተገናኙበት ሁለት ቀይ ወደ ላይ ይነሳል። እነዚህ አምስት ቦታ ይገናኛሉ። አምስቱን በአምስት ቀይ ክበቡ። የቀሩት አምስት ሰማያዊዎች ጣሪያው አናት ላይ ይገጠማሉ። የቡሎኑ ራስ ወደ ውጭ፣ ዳዶው ወደ ውስጥ ይሁን፤ አለዚያ ሸራውን ይቀደዋል። እስከ መጨረሻው ድረስ ዳዶውን ላላ አድርጉ። ቀድማችሁ ካጠበቃችሁ የመጨረሻዎቹ አይገጥሙም።

አጽሙ ብቻውን ሲቆም ንፋስ በመሃሉ ያልፋል። ሸራ ስታለብሱት ግን እንደ ሸራው ስፋት ይገፋል፣ ያነሳዋልም። ስለዚህ ሸራው የሚወጣው አሥሩም የመሠረት መጋጠሚያዎች መሬት ከያዙ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል አደራ አትዝለሉ። መሬቱ እንደ ብላክ ሮክ ጠንካራ ደለል ከሆነ ጫፉ የታጠፈ ፌሮ በመዶሻ ምቱ። ከመሬት በላይ የቀረው ብረት እግር እንዳይወጋ የፕላስቲክ ጠርሙስ ድፉበት። እንደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ልል አሸዋ ከሆነ ፌሮ አይያዝም፣ ተመዞ ይወጣል። እዚያ ከረጢት በአሸዋ ሞልታችሁ፣ ገመድ አስራችሁ፣ 60 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ቆፍራችሁ ቅበሩ። የጎርፍ መውረጃ ውስጥ ግን በምንም ምክንያት አትትከሉ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ሩቅ የዘነበ ዝናብ ድንገት ይደርሳል።

ለልብሱ ነጭ ወይም ብርማ የጥላ መረብ እወዳለሁ። ቀን ላይ አናቱንና ፀሐይ የሚመታውን ጎን ብቻ ሸፍኑ፣ ታችኛውን ረድፍ ክፍት ተዉት፤ አየሩ ይዘዋወራል። ማታ ብርድ ሲመጣ ንፋስ በሚመጣበት በኩል እስከ መሬት አውርዱት። አናቱን አልፎ በሁለቱም በኩል መሬት የሚደርስ ሸራ ከ7 ሜትር በላይ ርዝመት ይፈልጋል። በሩ ንፋስ በማይመጣበት በኩል ይሁን። ለመግቢያ ብላችሁ የቆመ ቱቦ አታውልቁ፤ ጎንበስ ብላችሁ በአንዱ ሦስት ማዕዘን ግቡ። አሸዋማ አውሎ ነፋስ ሲመጣ ካያችሁ ሸራውን አውርዱት፣ አጽሙ ይቆያል። ውስጡ ከሰል አታቀጣጥሉ፣ በተለይ ከተሸፈነ በኋላ። ልጆች ቱቦው ላይ እንዳይወጡም ተቆጣጠሩ።

ስታፈርሱ በተከላችሁበት ተቃራኒ ሂዱ፦ መጀመሪያ ሸራው፣ ከዚያ አናቱ፣ በመጨረሻ መሠረቱ። ቀዩን ከቀይ፣ ሰማያዊውን ከሰማያዊ ጋር ጥፈሩ። ዳዶዎቹን በየቡሎናቸው ላይ መልሳችሁ አጥብቁ፣ በአንድ ከረጢት ክተቱ፣ 26 መሙላታቸውን ቁጠሩ።